መጀመሪያ አንብቢልኝ

ጋምቤላን ከተማ ያደረጋት ወረቀት ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አጤ ምኒልክ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከጆን ሃሪንግተን ጋር ባደረጉት የድንበር ውል አራተኛ አንቀጽ ላይ፣ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር፣ የወንዝ ፊቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሔክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ውሉ የተጻፈው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነበር። በዚያ ወንዝ ዳር ይኖሩ የነበሩት አኙዋዎች ሁለቱንም አይናገሩም፤ አንብቦ ያስረዳቸው ሰው ስለመኖሩ የሚናገር አንድም መስመር ውሉ ውስጥ የለም።

እኔ ታይፒስት ነኝ። ታይፕ የተማርኩት መቱ ሲሆን ያኔ ጋምቤላ በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ሥር ያለች አውራጃ ነበረች። ተቀጥሬ ወረድኩ፣ እዚሁ ወለድኩ፣ እዚሁ ጡረታ ወጣሁ፤ አሁን ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒና ላሚኔት የሚሠራባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሰሞኑን ኮምፒውተርን በቃል ማዘዝ የሚባለው ነገር ወደ ሱቄ ገብቷል። ልጆቹ «አዲስ ነገር» ሲሉት እሰማለሁ። ለእኔ አዲስነቱ ግማሽ ነው። እዚህ ከተማ ሰው የጽሕፈት መኪናን በቃል ሲያዝ ኖሯል፤ ተናጋሪውና መኪናው መሐል የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ፣ ከእኔም በፊት ሌሎች።

ጥንቱን ላስታውስ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የተነሱ የእንፋሎት መርከቦች እስከ ጋምቤላ ይወጡ ነበር። ጨውና ጨርቅ አራግፈው የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና፣ ሰም፣ ቆዳ ይጭናሉ። ውሃው ሲጎድል ንግዱም ይተኛል። በዚያች የጥቂት ወራት ጥድፊያ አኙዋው፣ ኑዌሩ፣ ከደጋ የወረደው ነጋድራስ፣ ግሪኩና ሶርያዊው ነጋዴ፣ የሱዳኑ መርከበኛ አንድ ወደብ ላይ ይገናኛሉ። ዕቃው በቃል ይቆጠራል፣ ጸሐፊው ይጽፋል፣ መሐል ላይ አስተርጓሚ ይቆማል። ያለ አስተርጓሚ አንድ ከረጢት ጨው እንኳ የሚያልፍ አይመስለኝም። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1936 መጥቶ ወሰዳት፣ በ1941 ለቀቀ፣ እንግሊዝ ተመለሰ። ውሉ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ ሥር እስካለች ነውና፣ ሱዳን ነፃ ስትወጣ ጣቢያዪቱ በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ወረቀት ሁሉ በአማርኛ ሆነ። ዛሬም የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ኑዌር፣ አኙዋ፣ መዠንግር፣ ኦፖ፣ ኮሞ፣ ከደጋ የመጣነውም፣ ቢሮ ስንገባ በዚያው እንገናኛለን።

በቃል አዝዞ ማስጻፍ የጋምቤላ ፈጠራ አይደለም። በትልቁ ቤትም ልማዱ ይኸው ነበር። ንጉሡ ይናገራሉ፣ ጸሐፌ ትእዛዙ ይጽፋል፣ ማኅተም ያርፍበታል። የምኒልክ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የንጉሡን ዜና መዋዕል የጻፉት ማኅተሙን እየጠበቁ ነው። እታች ወርደን ስናየው ደግሞ በየፍርድ ቤቱ በር ዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ አለ። ባለጉዳይ ይናገራል፣ እሱ «ክቡር ሆይ» ብሎ ይጀምራል። አጤውም ገበሬውም እጃቸው ብዕር ሳይነካ ያስጽፋሉ። ልዩነቱ አጤው የጻፈላቸውን ሰው ማባረር መቻላቸው ነው።

የዚህ ልማድ ዋናው ነገር ግን መናገሩም መጻፉም አይመስለኝም። ሦስተኛው ነው፤ ማንበቡ። ፖሊስ ጣቢያ ቃል የሰጠ ሰው ከወረቀቱ ግርጌ የሚፈርመው «የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ትክክል በመሆኑ ፈርሜያለሁ» ብሎ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 881 በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ፣ መነበቡም በራሱ በኑዛዜው ላይ ካልተገለጸ ዋጋ የለውም ይላል። ቁጥር 1728 ደግሞ ማንበብ የማይችል ሰው የጣቱን ምልክት ቢያደርግ እንኳ፣ አዋዋይ ወይም መዝጋቢ ወይም ዳኛ ካላረጋገጠለት በቀር አይገደድበትም የሚል ነው። ሕግ አውጪው የሚያውቀውን ሰው አይቶ ጽፏል። አንብብልኝ ማለት የሚችለው ሰው ካልተነበበለት ወረቀቱ የእሱ አይደለም።

እኔ ሥራ ስጀምር ቢሮአችን የነበረው የአማርኛ ኦሊቬቲ ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት የጀመሩት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ብልሃት በእሱም ላይ ነበር። ፊደላችን ከሁለት መቶ በላይ ስለሆነ ለሁሉም የሚበቃ ቁልፍ የለም፤ ስለዚህ በግዕዙ ላይ የካዕቡን፣ የሣልሱን ምልክት እየቀጠልን እንጽፋለን። «ቡ» ለመጻፍ «በ»ን መትተን ጭረቷን እንጨምራለን። ጭረቷ ዝቅ ወይም ፈንጠር ስትል ፊደሉ ክንዱን የተሰበረ ይመስላል። የጋምቤላ ሙቀት ደግሞ ሌላ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ላብ ከክንዴ ወርዶ ካርቦኑ ላይ ያርፋል፤ አራት ኮፒ ታይፕ ስናደርግ አራተኛው ላይ የሚታየው ደብዛዛ ጥላ ነው።

በዚያ መኪና ላይ የሚያዙኝ ሰዎች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው አለቃ ነው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እየተንጎራደደ «ጻፊ፤ ቁጥር፤ ቀን፤ ለ፤ ጉዳዩ፤ ከላይ በተጠቀሰው መሠረት» ይላል። «አይ፣ ያንን ሰርዢው»፣ «አዲስ መስመር»፣ «ከሥሩ አስምሪበት»፣ «ሦስት ኮፒ»። ዛሬ ኮምፒውተር ይታዘዝባቸዋል የሚባሉት ቃላት እነዚሁ ናቸው። ማይክሮሶፍት «ስክራች ዛት» ብሎ ያስተማራት ኮምፒውተር የምትሠራው አለቃዬ «ሰርዢው» ሲለኝ የሠራሁትን ነው። እኔ ግን «ሰርዢው» ያለው ቃሉን ይሁን ዓረፍተ ነገሩን ከፊቱ አውቅ ነበር።

ሁለተኛው ባለጉዳዩ ነው፤ የጋምቤላ ታሪክ ያለው እሱ ዘንድ ነው። ከኒውላንድ አንድ የኑዌር ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ይመጣሉ። ሽማግሌው በኑዌርኛ ይናገራሉ፣ ልጁ በአማርኛ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ስጨርስ አነባለሁ፤ ልጁ መልሶ በኑዌርኛ ይነግራቸዋል። አንድ ማመልከቻ ሄዶ እስኪመለስ አራት ጊዜ አፍ ይለዋውጣል። አንድ ጊዜ ሽማግሌው ረዥም ተናግረው ልጁ «ላም ጠፋብኝ ይላል» ብሎ ዝም አለኝ።

«ኧረ ልጄ! ይህን ሁሉ ተናግረው ይቺ ብቻ ናት?»

«ሌላው ስለ ላሟ ነው፤ አያስፈልግም።»

«ስለ ላሟማ ከሆነ ዋናው እሱ ነው፤ ንገረኝ።»

ነገረኝ። የቆዳዋ ቀለም፣ ነጩ ከየት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ፣ የቀንዷ ዙር፣ እናቷ የማን ጥሎሽ እንደነበረች። እኔ የማውቀው ቡሬ፣ ዳለቻ፣ ቀዮ ነው፤ እሳቸው ያሏት ከሦስቱም አይደለችም። እጄ ላይ ያለውን አማርኛ ሁሉ አሟጥጬ ሁለት መስመር ጻፍኩ። ሳነብላቸውና ልጁ ሲመልስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነጩ ያለው በግራ በኩል ነው፣ በቀኝ ብለሻል አሉኝ። አስተካከልኩ። እንደገና አነበብኩ። ከዚያ አሻራቸውን አደረጉ። ባይነበብላቸው ኖሮ ፖሊሱ የሚፈልገው ሌላ ላም ነበር።

ለምን በራሳቸው ቋንቋ አልጻፉም የሚል ካለ፣ የት ተምረው? በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እያደገ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ ከ15ቱ አንዱም የጋምቤላ ቋንቋ አልነበረም። ኑዌርኛና አኙዋኛ በክልሉ ትምህርት ቤቶች የገቡት ከደርግ በኋላ ነው፤ ያውም በላቲን ፊደል። የኑዌርኛው ጽሕፈት ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1928 በያኔዋ ሱዳን ውስጥ ሬጃፍ ላይ ከተደረገው የቋንቋ ጉባኤ ይመዘዛል። በእንግሊዝኛው ፊደል ውስጥ የሌሉ ምልክቶችና ከሥራቸው የሚሰመርባቸው አናባቢዎች አሉት። ስለዚህ በኔ ሱቅ ኪቦርድ ላይ ኑዌርኛ መጻፍ እስካሁንም ጣጣ ነው። ልጆቹ ከሥሩ የሚሰመረውን ይተዉታል፤ ሽማግሌዎቹ ስለማያነቡት አይቆጡም፤ አስተማሪዎቹ ግን ይቆጣሉ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. እና በተከተሉት ቀናት በዚህች ከተማ ብዙ አኙዋዎች ተገደሉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት የታየፕኳቸው ወረቀቶች ላይ ስለነበሩት ስሞች እዚህ አልጽፍም። የምለው አንድ ነው፤ ኦሚኒንጋ ከሚባለው ሰፈር የመጡ ሴቶች ያጡትን ሰው ስም ሦስት አራት ጊዜ አስነብበውኛል። የአባቱ ስም አንድ ፊደል እንዲሳሳት አይፈልጉም። ቸኩያለሁ የምትል አንድም አልነበረችም።

ያ ጊዜ በኮምፒውተር የምንጽፍበት ነው። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የሚባሉትን የማያውቅ ታይፒስት አልነበረም። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ግን የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅ ሆኖ ይወጣል። ከአዲስ አበባ በፍላሽ የመጣ ሰነድ እዚህ ሲከፈት እንደ ደብተራ አስማት ሆኖ ያስቀን ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም እኛ ዘንድ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ የአማርኛ ኪቦርድና ኒያላ የሚባል የፊደል ዓይነት ይዞ መጣ። ያው ቪስታ ኮምፒውተርን በድምፅ የማዘዣ ፕሮግራምም አብሮት ነበር። ሁለቱ ግን አይተዋወቁም። ድምፅ ተቀባዩ የሚሰማው እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛ፣ ስፓኒሽ፣ ጃፓንኛና ቻይንኛ ነው። አማርኛ በእጅ ትጻፋለች እንጂ በአፍ አትታዘዝም።

የዚህ ጥበብ የውጭ ታሪክ አጭር ባይሆንም አሳጥሬ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1952 ቤል ላብስ «ኦድሪ» የተባለች መሣሪያ ሠርቶ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ቁጥሮች ለየች፤ ያውም የምታውቀውን ሰው ድምፅ ስትሰማ። አይ.ቢ.ኤም. በ1962 ያሳያት «ሹቦክስ» 16 ቃል ታውቅ ነበር። ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1976 «ሃርፒ» 1011 ቃል ደረሰች። በ1997 ድራገን የሚባለው ፕሮግራም ሰው ሳይቆራርጥ እየተናገረ በመደበኛ ኮምፒውተር ላይ እንዲጽፍ አስቻለ። በዚያው ሰሞን እኔ ሪቦን ከመቱ አስመጣ ነበር።

የአገራችን ሥራ ግን ብዙ ሰው ከሚገምተው ቀድሞ ተጀምሯል፤ ይህን ሳውቅ እኔም ተገርሜያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 ማርታ ይፍሩ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ዲግሪ የሠራችው ጥናት፣ ኮምፒውተርን በአማርኛ ቃል ማዘዝ ይቻል እንደሆነ የሚፈትን ነበር፤ የተሞከረውም በማይክሮሶፍት ዎርድ ላይ ነው። በየቀኑ ስንጫነው የምንውለውን ዎርድ! እያንዳንዱ የትእዛዝ ቃል ለብቻው ተነጥሎ ይነገራል፣ ፕሮግራሙ ለይቶ ይታዘዛል። ሰሎሞን ተፈራ አባተ ደግሞ ሃምቡርግ ለዶክትሬቱ ሲሠራ የአማርኛን ንግግር ለኮምፒውተር የሚያስተምር የድምፅ ክምችት አዘጋጀ፤ ከዜና የተወሰዱ ዓረፍተ ነገሮችን 100 ሰዎች ያነበቡበት፣ 20 ሰዓት የሚሆን። ከመቶዎቹ 80ው የአዲስ አበባን አነጋገር የሚናገሩ፣ 20ው የሌሎቹ የአማርኛ ዘዬዎች ተናጋሪዎች ነበሩ። ባልነበረ ነገር ላይ መሠረት መጣል ነውና አልነቅፍም። ከጋምቤላ ሆኜ ሳየው ግን አማርኛን ሁለተኛ ቋንቋው አድርጎ የሚናገር ሰው በዚያ ቁጥር ውስጥ አልተጠቀሰም። ጋምቤላ ቢሮ ውስጥ ያለው አማርኛ ደግሞ አብዛኛው ሁለተኛ ነው።

ከዚያ ጎግል መጣ። ነሐሴ 2009 ዓ.ም. ላይ በድምፅ መጻፊያው 30 ቋንቋዎች ሲጨምር አማርኛ አንዱ ሆነ። ሱቄ የሚሠራው ልጅ ኮምፒውተር የተማረ፣ በእናቱ አኙዋ የሆነ ወጣት ነው። አንድ ቀን ኔትወርክ ደህና በነበረበት ሰዓት ጎግል ዶክስን ከፍቶ፣ ከ«ቱልስ» ውስጥ «ቮይስ ታይፒንግ»ን መርጦ፣ ቋንቋውን አማርኛ አድርጎ ማይኩን ሰጠኝ።

«እትዬ፣ በሉ ይናገሩ።»

ተናገርኩ። «ለጋምቤላ ከተማ አስተዳደር፤ ጉዳዩ፤ የቦታ ይዞታ ማረጋገጫ ስለመጠየቅ» ስል ፊደሎቹ እየተከተሉኝ ወጡ። ጣቴ ሥራ ፈታ። «አራት ነጥብ» አልኩ፤ «አራት ነጥብ» ብሎ በፊደል ጻፈው። «አዲስ መስመር» አልኩ፤ እሱንም ጻፈው። ልጁ እየሳቀ አስረዳኝ፤ የተባለውን በአማርኛ ይጽፋል፣ ትእዛዝ የሚቀበለው ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ለዚያውም ሰነዱም አካውንቱም እንግሊዝኛ ሲሆን። እንግዲህ ታዛዥ ጸሐፊ ነው፣ «ሰርዝ» ሲሉት «ሰርዝ» ብሎ የሚጽፍ። እንዲህ ያለች ታይፒስት በኔ ጊዜ በሙከራ ጊዜዋ ትሰናበት ነበር።

ቀጥሎ ከኢታንግ የመጡ አንድ ደንበኛ ተናገሩበት። እሳቸው አማርኛ ይችላሉ፤ ስብሰባ ይመራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይቀልዳሉ። ኮምፒውተሩ ግን ሌላ ሰው ሌላ ነገር የተናገረ ያህል ጻፈ። ምክንያቱን ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም። በኑዌር ፊደል ገበታ ውስጥ የኛን ጠ፣ ቀ፣ ጨ የመሰሉ ድምፆች የሉም፤ ሰ እና ዘም የሉም። ብዙ ተናጋሪዎች «አስቀምጥ» ሲሉ ቀዋ ወደ ከ፣ ጠዋ ወደ ተ ትጠጋለች። እኔ በዓመታት ልምድ ሳላስበው አስተካክዬ እሰማዋለሁ። ማሽኑ ያደገው በሌላ ሰፈር ነው።

ልጁ ተስፋ አልቆረጠም። ኢንተርኔት የማይፈልግ፣ ጥቂት ቃል ብቻ የሚለይ ፕሮግራም ለሱቁ ኮምፒውተር ልሥራ አለ። የአሠራሩ ነገር ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ሰዎች አንድ ቃል ደጋግመው ሲሉ ይቀርጻል፣ ፕሮግራሙ የድምፁን ቅርጽ ይለምዳል፣ ቃሉን ሲሰማ እኛ በጣታችን የምንጫነውን ቁልፍ ይጫናል። «አትም» ሲባል ኮንትሮል እና ፒ፣ ሌላ ምንም ተአምር የለውም። ችግሩ ሁሉ ያለው ከቃሉ በፊትና ኋላ ነው። ቬንትሌተሩ ይጮኻል፣ መብራት ሲጠፋ የጎረቤት ጄኔሬተር ይነሳል፣ ደጅ ላይ ባጃጅ ይጠራራል። ማይኩን ከጠረጴዛ አንስተን ከአፍ አጠገብ የሚሆን ሄድፎን ገዛን። ቀጥሎ ደግሞ ሰው በጨዋታ መሐል «አትም» ባለ ቁጥር ፕሪንተሩ ወረቀት መትፋት ያዘ፤ ስለዚህ ከትእዛዙ በፊት መጠሪያ ስም ያስፈልገዋል ተባለ። «ኮምፒውተር» እንበለው ሲል ሁሉም ሰው በየራሱ ጠራው። በመጨረሻ «ባሮ» ብለነዋል። ኑዌሩም፣ አኙዋውም፣ ትግሬውም፣ ከምባታውም «ባሮ» ሲል አንድ ነው።

ቃላቱን የመረጥነው ሁለታችን ቁጭ ብለን ነው፤ ሥራ ከሠራሁባቸው ቀናት ሁሉ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን ጥቂት ነው የማስታውሰው። እሱ በእንግሊዝኛው «ሴቭ» የሚለውን «አስቀምጥ» ብሎ ነበር፤ አወጣሁት፤ ሰ አለ፣ ቀ አለ፣ ጠ አለ፣ ሦስት እንቅፋት በአንድ ቃል። በምትኩ «ያዘው» አለ፤ ዘ አለበት። «አኑር» አልኩት፤ ከዚያ ቃል ውስጥ የሚያስቸግር ድምፅ የለም፤ አያቶቻችንም ይሉታል። «ሰርዝ» ወደቀ፣ «ተው» ገባ። «ቀጥል» ወደቀ፣ «ወደታች» ገባ። «አትም» ሲጀመርም ንጹሕ ነበር። «ድገም» ተጨመረ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ትእዛዙን ሲመርጡ የማንን አፍ አስበው ይሆን እያልኩ ነበር። ማይክሮሶፍት የቪስታውን ፕሮግራም ጡረታ አውጥቶ በዊንዶውስ 11 ላይ «ቮይስ አክሰስ» የሚባል ተክቷል፤ አማርኛ እዚያም የለችም። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2024 በትርጉም አገልግሎቱ ላይ 110 ቋንቋዎች ሲጨምር ኑዌርኛ ገባ። የአኙዋኛ ዘመዶች አቾሊና ሉዎ ሲገቡ አኙዋኛ ግን አልገባም። የሱቄ ልጅ ይህን ሲያነብ ዝም አለ፤ ከዚያ የእናቱን ድምፅ መቅረጽ ጀመረ።

ድምፅ የሚሰጡን ደንበኞች ናቸው። ፎቶ ኮፒ እስኪወጣ ድረስ ቆመው «ባሮ፣ አትም»፣ «ባሮ፣ አኑር» ይሉልናል። ሴቶች ሲናገሩ መጀመሪያ ላይ ፕሮግራሙ ይስት ነበር፤ የተቀረጹት ወንዶች ብቻ ስለነበሩ ነው። ሰርተፊኬት ላሚኔት ሊያስደርጉ የመጡ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው ያቃኑልን። ትንንሽ ልጆች ደግሞ ከደጅ ሆነው «ባሮ፣ አትም!» ብለው ጮኸው ይሮጣሉ፤ አንዳንዴም ይሳካላቸዋል፤ የወረቀት ዋጋ የማን እንደሆነ ግን አይጠይቁም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነገር ልመለስ፣ ወደ ማንበቡ። መናገርና መጻፍ በከፊልም ቢሆን ተገኝተዋል። ማንበብም አለ ይባላል። ማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት፤ ኤጅ በሚባለው ብራውዘር ላይ ጽሑፍ ከፍቶ «ሪድ አላውድ» ሲሉት ያነባሉ። ደህና ያነባሉ፤ መቅደስ እንዲያውም ከአንዳንድ የቢሮ ሰው ትሻላለች። ኔትወርክ ከሌለ ግን አይናገሩም፤ ኑዌርኛና አኙዋኛም አያውቁም።

ባለፈው ከላሬ ወረዳ አንድ ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር መጡ። ጉዳዩ የወንድማቸው ልጆች ሞግዚትነት ነበር፤ ብዙ ስም፣ ብዙ ዕድሜ ያለበት። ልጁ አማርኛውን በማይክ ተናገረ፤ የሱቁ ልጅ የተሳተውን አቃና፤ ጊዜ ተረፈን። ሲያልቅ ልጁ በኩራት «ባሮ፣ አትም» አለ፤ ፕሪንተሩም ወረቀቱን አወጣ። የሽማግሌውን አውራ ጣት ለመያዝ ቀለሙን ከፈትኩ። እጃቸውን አልሰጡኝም። በኑዌርኛ ለልጃቸው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ልጁም ወደኔ ዞረ።

«ሳታነቢልኝ ማን አትም አለው? ይላል።»

ተቀመጥኩና መነጽሬን አድርጌ ከ«ለ» ጀምሬ አነበብኩ፤ ልጁም ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር መለሰላቸው። የሁለተኛዪቱ ልጅ ዕድሜ ዘጠኝ ተብሎ ነበር፤ ሰባት ናት። የሱቁ ልጅ አስተካክሎ እንደገና አሳተመና፣ ያን ቀን ማታ ፕሮግራሙን ከፍቶ ከ«አትም» በፊት የምትመጣ አንድ ጥያቄ ጨመረ። አሁን «ባሮ፣ አትም» ሲባል ስክሪኑ ላይ «ተነቧል?» የሚል ይመጣል፤ «አዎ» የሚል ሰው እስኪያገኝ ድረስ አያትምም።